የኪስ ማጫወቻ ባትሪ ሲደክም፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሔው

በደብረ ብርሃን በምሠራባት ጠባብ የጥገና ክፍል ውስጥ ደንበኞች የኪስ ሙዚቃ ማጫወቻ ይዘው ሲገቡ አብዛኛውን ጊዜ የሚሉት «ባትሪው ሞቷል፤ ቀይርልኝ» ነው። ይሁን እንጂ ዕቃው ተከፍቶ ሲለካ ባትሪው ጤነኛ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ባትሪ መቀየር ገንዘብ ያስወጣል፤ በጥንቃቄ ካልተሠራም እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ስለዚህ ካቻቪቴ ከማንሳት በፊት ምልክቱን አጥርቶ መለየት ከሥራው ሁሉ ይቀድማል።

በእነዚህ ማጫወቻዎች ውስጥ ያለው ነገርም እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። የአብነት ተማሪ የመምህሩን ዜማ፣ ልጅም ያረፉ እናቱን ድምፅ ቀድቶ የያዘበት ዕቃ ሌላ ቅጂ የሌለው ሊሆን ይችላል። በመሆኑም ማንኛውም ጥገና ከመጀመሩ በፊት ሜሞሪ ካርዱን አውጥተው በውስጡ ያለውን ሁሉ ወደ ኮምፒውተር ወይም ወደ ስልክ ይገልብጡ። ሜሞሪው ከቦርዱ ጋር አብሮ የተሠራ ከሆነ ማጫወቻውን በኬብል ከኮምፒውተር ጋር ያገናኙት፤ ባትሪው ቢደክምም ብዙውን ጊዜ ኃይሉን ከኮምፒውተሩ ያገኛል። ይህን ሳያደርጉ ዕቃውን ለማንም፣ ለእኔም ቢሆን፣ እንዲሰጡ አልመክርም።

ቀድሞ ረጅም ሰዓት ይጫወት የነበረው አሁን ቶሎ ያልቃል

በዚህ ምልክት ፊት አስቀድሞ የሚጠረጠረው የባትሪው እርጅና ነው። ዛሬ በኪስ ማጫወቻ ውስጥ የሚገባው ባትሪ ሊቲየም አዮን ወይም ሊቲየም ፖሊመር የሚባለው ዓይነት ሲሆን፣ ባትሪው በተሞላና ባለቀ ቁጥር በውስጡ ካለው ሊቲየም ጥቂቱ በሌላ ውህድ ውስጥ ተይዞ ስለሚቀር ኃይል የመያዝ አቅሙ ቀስ በቀስ ይቀንሳል። በልማድ ከ300 እስከ 500 ያህል ሙሉ ዙር ከሠራ በኋላ አቅሙ ከመነሻው ወደ 80 በመቶ ገደማ ይወርዳል፤ ማጫወቻውን በየቀኑ ሞልቶ በየቀኑ የሚጨርስ ሰው ከዚህ ቁጥር የሚደርሰው በአንድ ዓመት ወይም በአንድ ዓመት ተኩል ውስጥ ነው። ሙቀት ይህን እርጅና ያፋጥነዋል። 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ሸዋ ሮቢት ማጫወቻውን በመኪና የፊት መስታወት ሥር ለፀሐይ ትቶ የሚውል ሾፌር ባትሪውን ከጊዜው በፊት ያስረጀዋል።

በደጋው ግን ሁለተኛ ተጠርጣሪ አለ፤ እርሱም ብርድ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ስትሆን፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ውርጭ የሚጥልባቸው ሌሊቶች አሉ። ባትሪ ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያለው የኬሚካል እንቅስቃሴ ስለሚዘገይ የያዘውን ኃይል መስጠት ያቅተዋል፤ ማጫወቻውም ኃይል ያለቀ መስሎት ይጠፋል። ከመሐል ሜዳ የመጡ አንድ አባት ማጫወቻቸውን ሌላ ቦታ ሁለት ጊዜ ባትሪ አስቀይረውለት፣ አሁንም ጠዋት ጠዋት እየጠፋ እንዳስቸገራቸው ነገሩኝ። ዕቃውን በሞቀ ክፍል ውስጥ ሁለት ሰዓት ያህል አቆይቼ ከፈትኩት፤ እስከ ማታ ድረስ ሳይቋረጥ ተጫወተ። መድኃኒቱ ማጫወቻውን ሌሊት በመስኮት ላይ አለመተው፣ በጉዞ ጊዜም ከባናው ወይም ከካፖርቱ ሥር በውስጥ ኪስ መያዝ ብቻ ነበር። እዚህ ላይ አጥብቄ የማሳስበው ነገር አለ፦ ከዜሮ ዲግሪ በታች የቀዘቀዘ ባትሪ ቻርጅ መደረግ የለበትም። በዚያ ሁኔታ ሲሞላ ሊቲየሙ በብረትነቱ በባትሪው ውስጥ ይለጠፋል፤ ይህ ጉዳት ባትሪው በኋላ ቢሞቅም አይመለስም። ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ክፍሉ ሙቀት እስኪመጣ ይጠብቁ፤ ምድጃ አጠገብ ግን አያስቀምጡት።

እርጅናውን ከብርዱ ለመለየት ማጫወቻውን በሞቀ ክፍል ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይሙሉት፤ ከቻርጀሩ ነቅለው በመካከለኛ ድምፅ እያጫወቱ እስኪጠፋ ድረስ ሰዓቱን ይቁጠሩ። አዲስ ሳለ ከሚጫወተው ግማሹን እንኳ ካልደረሰ ባትሪው በእርግጥ ደክሟል።

ግማሽ ኃይል እያሳየ ድንገት ይጠፋል

ይህ ከመጀመሪያው ምልክት የበለጠ እርግጠኛ ነው። ያረጀ ባትሪ ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ ቮልቴጁ ደህና መስሎ ይታያል፤ ድምፁ ከፍ ሲደረግ ወይም ስክሪኑ ሲበራ ግን በአንድ ጊዜ ይወርዳል። ቴስተር (የቮልቴጅ መለኪያ) ካለዎት ሙሉ በሙሉ የተሞላ ባትሪ ከቻርጀሩ ተነቅሎ አንድ ሰዓት ከቆየ በኋላ 4.1 ወይም 4.2 ቮልት ሊያሳይ ይገባል። ሙዚቃው ሲጀምር በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ወደ 3.6 ቮልት ከወረደ ከመቀየር በቀር መፍትሔ የለውም። ቮልቴጁ ሳይወርድ ዕቃው ከጠፋ ግን ባትሪውን ይተዉት፤ ሜሞሪ ካርዱን አውጥተው በሌላ ይሞክሩ። የተበላሸ ፋይል ወይም ካርድ ማጫወቻውን ሲያደርቀውና ሲያጠፋው ደጋግሜ አይቻለሁ።

ጨርሶ አይሞላም፣ ወይም የሚሠራው ቻርጀር ላይ ሳለ ብቻ ነው

በቅድሚያ ኬብሉንና ቻርጀሩን በሌላ ይቀይሩ፤ ቀጥሎ የቻርጅ ማስገቢያውን ቀዳዳ በብርሃን ይመልከቱ። የጋቢ ብናኝና አቧራ ተጠቅጥቆበት ኬብሉ እስከ መጨረሻው የማይገባበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ዕቃውን አጥፍተው በእንጨት ስንጥር በቀስታ ያጽዱት። መብራት በሌለባቸው ቀበሌዎች በሶላር የሚሞሉ ሰዎች ደግሞ ማጫወቻውን በቀጥታ ከፓነሉ ሽቦ ጋር ማገናኘት የለባቸውም። የፓነሉ ቮልቴጅ ከፀሐዩ ጋር ከፍና ዝቅ ስለሚል የቦርዱን ቻርጅ ክፍል ያቃጥላል፤ መሞላት ያለበት በመቆጣጠሪያው ላይ ካለው 5 ቮልት መውጫ ነው።

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነና ባትሪው ሲለካ ከ2.5 ቮልት በታች ካሳየ ለብዙ ወራት ባዶውን ተቀምጦ ሞቷል ማለት ነው። አንዳንድ ሠራተኞች እንዲህ ያለውን ባትሪ ከሌላ ባትሪ ጋር በሽቦ እያገናኙ «ለመቀስቀስ» ይሞክራሉ። እኔ ይህን አላደርግም፤ ከዚያ ደረጃ የወረደ ባትሪ በውስጡ የመዳብ ቅንጣት ሊፈጠርበትና ሲሞላ ከውስጥ ሾርት ሊያደርግ ይችላል።

ጀርባው አብጧል ወይም ስክሪኑ ተነስቷል

ይህን ምልክት ያየ ሰው ወዲያውኑ ዕቃውን ያጥፋ፣ ከቻርጀር ይንቀል፣ እንደገናም አይሙላው። እብጠቱ በባትሪው ውስጥ የተፈጠረ ጋዝ ነው። ክዳኑን ጨምቆ መመለስም ሆነ ጋዙን ለማስወጣት በመርፌ መውጋት ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ የተወጋ ሊቲየም ባትሪ በሰከንዶች ውስጥ ይቀጣጠላል፣ ጭሱም መርዛማ ነው። እስኪቀየር ድረስ ልጆች በማይደርሱበት ቦታ፣ በአሸዋ በተሞላ የብረት ዕቃ ውስጥ ያስቀምጡት። አንደኛው ትውልድ አይፖድ ናኖ ያላቸው ሰዎች ደግሞ ምንም ምልክት ባያዩም ይጠንቀቁ። እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2005 እስከ ታኅሣሥ 2006 የተሸጡት ባትሪያቸው ከመጠን በላይ ሊሞቅ ስለሚችል አምራቹ ራሱ በኅዳር 2011 ተጠቃሚዎች መጠቀም እንዲያቆሙ አሳስቧል።

ተተኪውን ባትሪ መምረጥ

ዕድለኛ ከሆኑ ማጫወቻዎ ከጀርባው የሚከፈትና እንደ ቀድሞው የኖኪያ ስልክ ቢኤል-5ሲ የሚባለውን ባትሪ የሚወስድ ነው። እንዲህ ከሆነ ብየዳ አያስፈልግም፤ ባትሪውን ገዝተው፣ በዕቃው ላይ ያሉትን የብረት ምላሶች በላጲስ አጽድተው ማስገባት ይበቃል።

ባትሪው በሽቦ የተበየደ ከሆነ ግን በላዩ የታተመውን ቁጥር ያንብቡ። 403040 የሚል ቢሆን ውፍረቱ 4.0 ሚሊ ሜትር፣ ስፋቱ 30፣ ርዝመቱ 40 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። ተተኪው በስፋትና በርዝመት ትንሽ ቢያንስ ችግር የለውም፤ በውፍረት ግን ሊበልጥ አይገባም፣ በክዳኑ ተጨምቆ የሚኖር ባትሪ ይጎዳልና። በዚህ መጠን ያለ ባትሪ በእውነት የሚይዘው 500 ሚሊ አምፒር ሰዓት ገደማ ነው፤ 2000 ተብሎ የተጻፈበትን ካዩ ጽሑፉን አይመኑት። ቮልቴጁም መመሳሰል አለበት። የተለመደው 3.7 ቮልት ሆኖ እስከ 4.2 የሚሞላው ነው፤ እስከ 4.35 ቮልት የሚሞሉም አሉ። ለ4.35 በተሠራ ማጫወቻ ውስጥ የ4.2ን ባትሪ ማስገባት ከልክ በላይ እንዲሞላ ስለሚያደርገው አደገኛ ነው። ከመግዛትዎ በፊት ሻጩ ፊት ያስለኩት፤ ከ3 ቮልት በታች የሚያሳየውን አይውሰዱ። የአይፖድ ምርት እ.ኤ.አ. በ2022 ስለቆመ በተለይ ለእርሱ የሚሸጥ ባትሪ ለዓመታት መደርደሪያ ላይ ያረጀ ሊሆን ይችላል።

አቀያየሩ

ዕቃውን አጥፍተው ብሎኖቹን ይፍቱ፤ የተጣበቀ ክዳንን በብረት ሳይሆን በሲም ካርድ ፕላስቲክ ጠርዝ ዙሪያውን ቀስ እያሉ ይለዩት። በአይፖድ ክላሲክ ላይ ክዳኑን በኃይል መሳብ አይገባም፤ ከክዳኑ ወደ ቦርዱ የሚሄዱት ስስ ሪባኖች በቀላሉ ይበጠሳሉ። ሽቦዎቹን ከመንካትዎ በፊት የትኛው ከየት እንደተያያዘ በስልክ ፎቶ ያንሱ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀጥሎ ባለው ላይ ነው። ሁለቱን ሽቦ በአንድ ጊዜ በመቀስ የቆረጠ ሰው መቀሱ ራሱ ፖዘቲቩንና ኔጌቲቩን አገናኝቶ ባትሪውን ሾርት ያደርገዋል። አንዱን ብቻ ይቁረጡ፣ ጫፉን ወዲያው በፕላስተር ይጠቅልሉ፣ ከዚያ ሁለተኛውን ይቁረጡ። አዲሱንም ሲበይዱ እንዲሁ አንድ በአንድ ይሁን። ቀዩ ሽቦ ሁልጊዜ ፖዘቲቭ ነው ብለው አይመኑ፤ በቴስተር ያረጋግጡ፤ ይህን እንደ ትርፍ ነገር አይዩት፣ ተገልብጦ የተበየደ ባትሪ ቦርዱን በቅጽበት ያቃጥላልና። የመበየጃው ካውያ መንካት ያለበት ሽቦውንና ቦርዱን ብቻ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ነጥብ ላይም ከ3 ሰከንድ በላይ መቆየት የለበትም። ከባትሪው የሚወጣ ሦስተኛ ሽቦ ካለ አብዛኛውን ጊዜ ሙቀት የሚለካው ነው፤ በዚህ ጊዜ ተተኪውም ሦስት ሽቦ ያለው መሆን አለበት።

ተቀይሮም ካልሠራ

አዲስ ባትሪ ገብቶ ማጫወቻው ካልበራ በባትሪው ራስ ላይ ያለችው ትንሽ መከላከያ ቦርድ ዘግታ ሊሆን ይችላል፤ ቻርጀር ላይ ለጥቂት ደቂቃ ሲሰካ ትከፍታለች። በርቶ ግን የሚያሳየው መቶኛ የተዛባ ከሆነ አንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ይሙሉት፣ እስኪጠፋ ያጫውቱት፣ እንደገና ይሙሉት፤ ቆጣሪው አዲሱን ባትሪ የሚለምደው እንዲህ ነው። በመጀመሪያው መሙላት ጊዜ አጠገቡ ይሁኑ፤ ለብ ማለቱ የተለመደ ነው፣ እጅ የማያስነካ ሙቀት ከተሰማዎት ግን ወዲያው ይንቀሉት።

አሮጌውን ባትሪ የሽቦውን ጫፎች ለየብቻ በፕላስተር ጠቅልለው ለጥገና ቤቱ ይተዉት። በጓሮ ከሚቃጠል ቆሻሻ ጋር አይጣሉት።