ባሕር ዳር ለምትኖሩ፦ የማይቋረጥ የስፖርት ልማድ እንዴት ይጀመራል?

ሰኞ ስፖርት ጀምሮ ሐሙስ የሚተው ሰው ብዙ ነው። ስንፍና ነው ብዬ ግን አላምንም። አብዛኞቻችን ስንጀምር የምናቅደው እንቅልፍ ለጠገብንበት፣ ሥራ ላልበዛበት፣ ዝናብ ላልጣለበት፣ ልቅሶም ሰርግም ላልመጣበት ቀን ነው። እንዲህ ያለ ቀን ደግሞ በወር ስንቴ ይገኛል? ስለዚህ ስታቅዱ ፋታ የሌለውን ቀናችሁን አስቡ። ያን ቀን ከዐሥር ደቂቃ የእግር ጉዞ በላይ የማትችሉ ከሆነ በዐሥር ደቂቃ ጀምሩ፤ ሌላው ቀስ እያለ ይጨመራል።

ሰዓቱን ቁረጡ። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ብትሆንም ፀሐይዋ ቀላል አይደለችም፣ መጋቢትና ሚያዝያ ላይማ አይጠየቅም። እኔ የምመክረው ጎህ ከቀደደ በኋላ እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ያለውን ጊዜ ነው። ማታ የሚመቸው ሰው ከ11 ሰዓት ጀምሮ ሳይጨልም ይጨርስ። ሲመሽ ሐይቁ ዳር የወባ ትንኝ አለ፤ ረጅም ሱሪና እጅጌ ሙሉ ልብስ መልበስ አይከፋም።

ሰዓቱን ብቻውን አትተዉት፣ ድሮም ከምታደርጉት ነገር ጋር እሰሩት። ልጅ ትምህርት ቤት የምታደርሱ ከሆነ ስትመለሱ ባጃጅ አትያዙ፣ በሐይቁ ዳር ዞራችሁ በእግራችሁ ግቡ። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን የሚሳለም ሰውም ከዚያው ቀጥሎ መራመድ ይችላል፤ ለብቻው ሌላ መነሻ አያስፈልገውም።

መንገድ በኩል ከተማችን አድሏታል። ሜዳ ናት፣ ዛፍ አላት፣ ሐይቅ አላት። ርቀት ለመለካት ሰዓትና ስልክ የሌለው ሰው አዲሱን የዓባይ ድልድይ ይጠቀም። ግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመት አለው፤ ለእግረኛና ለብስክሌትም የተለየ መስመር ተሠርቶለታል። ሦስት ጊዜ ደርሶ መልስ ካላችሁ ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ ሄዳችሁ ማለት ነው። ዳገት የሚፈልግ ሰው ወደ ቤዛዊት፣ የጃንሆይ ቤተ መንግሥት ወዳለበት ኮረብታ መውጣት ይችላል፤ ለጀማሪ ግን ገና ነው፣ ጉልበቱ ይጥና። ጣና ውስጥ ገብቶ መዋኘትን ግን እርሱት። ሐይቁ ዳር ቢልሃርዝያ አለ፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ደግሞ ጉማሬ አለ። ዋና የምትወዱ የሆቴል ገንዳ ፈልጉ።

ስለ ብስክሌት ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ለባሕር ዳር ሰው ከዚህ የተሻለ ስፖርት አላውቅም። ዓባይ ማዶ የሚኖርና መሐል ከተማ የሚሠራ ሰው በብስክሌት ቢመላለስ ስፖርቱን ሥራ ሳይገባ ጨረሰ፤ የባጃጅ ሒሳቡም ኪሱ ውስጥ ቀረ። ብዙ ሰው ብስክሌት ጀምሮ ጉልበቴን አመመኝ ብሎ ይተወዋል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የመቀመጫው ነው፣ ከልክ በላይ ዝቅ ይልና ጉልበት ሙሉ መንገዱን ታጥፎ ይሠራል። እንዲህ ሞክሩት፦ ተቀመጡና ተረከዛችሁን ፔዳሉ ላይ አድርጋችሁ ወደ ታች ግፉ። ፔዳሉ መጨረሻ ታች ሲደርስ እግራችሁ ቀጥ ማለት አለበት። ከዚያ በእግራችሁ ፊተኛ ክፍል ስትረግጡ ጉልበታችሁ ጥቂት እጥፍ ይላል፣ ልኩ ይኼ ነው። ከመውጣታችሁ በፊት ጎማውን በአውራ ጣት ጫን ጫን አድርጋችሁ እዩ፣ ሁለቱንም ፍሬን ያዝ ለቀቅ አድርጉ። አደባባይ ላይ ከባጃጅ ጋር አትሽቀዳደሙ።

መጠኑን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው። በሳምንት አምስት ቀን ሠላሳ ሠላሳ ደቂቃ እንደማለት ነው፤ ከፋፍሎ ጠዋት ዐሥራ አምስት፣ ማታ ዐሥራ አምስት ማድረግም ይቻላል። መካከለኛ መሆኑን በምን ታውቃላችሁ? እየሄዳችሁ ማውራት ከቻላችሁ፣ ዘፈን ወይም መዝሙር ማዜም ግን ትንፋሽ ካሳጣችሁ ልክ ናችሁ። ከዚህ ሌላ በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ነገር ጨምሩበት። ቁጭ ብድግ እና ፑሽ አፕ ይበቃል፤ መሬት ላይ ፑሽ አፕ የከበደው ግድግዳ ተደግፎ ይጀምር። ጂም ግዴታ አይደለም።

ልማድ ሆኖ እስኪቀር ስንት ቀን ይፈጃል ለሚለው፣ 21 ቀን የሚባለውን አትመኑ። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች ሰዎችን ተከታትለው ያገኙት አማካይ 66 ቀን ነው፤ ከሰው ሰው ልዩነቱ ደግሞ ከ18 እስከ 254 ቀን ይደርሳል። ከዚህ ጥናት እኔ በጣም የምወደው ሌላ ነገር ነው፦ አንድ ቀን መዝለል ልማዱን አያበላሽም። ስለዚህ እንግዳ መጥቶ ወይም አሞአችሁ አንድ ቀን ብትቀሩ አበቃ አትበሉ፣ በማግስቱ ውጡ። ሁለት ቀን አከታትሎ ላለመቅረት ግን ጠንከር በሉ።

ከሁሉ በላይ የሚይዛችሁ ሰው ነው። በማለዳ የግቢውን በር የሚያንኳኳ ጎረቤት ካለ አልጋ ውስጥ መገላበጥ የለም። ብርቱውን ሯጭ ሳይሆን እርምጃው ከእናንተ ጋር የሚመጣጠነውን ምረጡ፣ አለበለዚያ አንዳችሁ ትሰለቻላችሁ። ሴቶች በተለይ ገና ሳይነጋ ብቻችሁን አትውጡ፤ ሦስት አራት ሆናችሁ ስትሄዱ ወጉም አለ፣ ደኅንነቱም አለ።

ልማዱን የሚሰብሩት ጾምና ክረምት ናቸው፣ ቀድማችሁ አስቡባቸው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። እስከ 9 ሰዓት የምትጾሙ ጠዋት አትሩጡ፤ ስፖርቱን ወደ ማታ፣ በልታችሁ ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ አዙሩት፣ ጉልበቱንም ቀንሱ። ረመዳንን የሚጾሙም ከማፍጠሪያ በፊት ያለውን ሰዓት ለቀላል ጉዞ ቢያውሉት ይሻላል፣ ውኃው ቅርብ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደግሞ ዝናቡ የማያስወጣ ከሆነ በረንዳ ላይ ገመድ ዝለሉ፣ ቁጭ ብድግ ሥሩ። ቦታው ይቀየር እንጂ ሰዓቱ አይቀየር።

ግፊት፣ ስኳር ወይም የልብ ችግር ያለባችሁ ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ። ደረት የሚያጨንቅ ሕመም ወይም ማዞር ከመጣ ወዲያው አቁማችሁ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። በማግስቱ የሚመጣው የጡንቻ ሕመም ግን ያለ ነው፣ በሁለት ሦስት ቀን ይለቃል፤ ቀለል አድርጎ መራመድ ይረዳል።

አንድ ሁለት ወር ከቆያችሁ በኋላ ጉልበታችሁን ማየት ከፈለጋችሁ አንድ እሑድ ከጓደኞቻችሁ ጋር በጀልባ ወደ ዘጌ ተሻገሩ። ከወደቡ እስከ ዑራ ኪዳነ ምሕረት በቡናው ጥላ ሥር ውጡ። የሚይዝ ጫማ አድርጉ፣ መንገዱ ድንጋያማ ነው፤ ዝናብ ካገኘው ያንሸራትታል።