ዱካ ላይ ተቀምጦ ሜዲቴሽን፦ የቡድሃን ትምህርት በዕለት ኑሮ እንዴት እንሞክረው?

ሜዲቴሽን፣ ማለትም አእምሮን አንድ ነገር ላይ የማሳረፍ ልምምድ፣ ለመጀመር እንደ ቡድሂስት መነኮሳት ራስ መላጨትም ሆነ ሃይማኖት መቀየር አያስፈልግም። የቡድሂዝም መሥራች ቡድሃ ከ2,400 ዓመታት ገደማ በፊት በሰሜን ህንድ ካስተማራቸው ልምምዶች አንዱ ትንፋሽን መከታተል ነው። ደብረ ማርቆስም ይኑሩ ዳንግላ፣ እቤትዎ ሊሞክሩት ይችላሉ።

1. አቀማመጥ። ጠዋት ቤተሰቡ ሳይነሳ 10 ደቂቃ ይበቃል። የቡድሃ ምስሎች ላይ እንደሚታየው እግር ማቆላለፍ ግዴታ አይደለም። ዱካ ላይ ይቀመጡ፣ ጀርባዎን ቀና ያድርጉ። የደብረ ማርቆስ ጠዋት ብርድ ነውና ጋቢ ይደርቡ። ግን አይከናነቡ፤ እንቅልፍ ይወስድዎታል።

2. ትንፋሽ። አያስረዝሙት፣ አያሳጥሩት፤ አፍንጫዎ ጋ ሲገባና ሲወጣ ብቻ ልብ ይበሉ። በበርማ (ምያንማር) ብዙዎች የሆድን መነሳትና መውረድ ይከታተላሉ፤ የቀለለዎትን ይምረጡ። ትንፋሹን ከ1 እስከ 10 ይቁጠሩ፣ ከዚያ እንደገና ከ1።

3. ሃሳብ ሲመጣ። ብዙ ሰው «እኔ አልችልም» ብሎ የሚተወው እዚህ ጋ ነው። 4 ላይ ሳይደርሱ የጤፍ ዋጋ ይመጣል፣ ቀጥሎ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ፣ ቀጥሎ ትናንት ጎረቤት የተናገረችው ነገር። ሥራው ሃሳብን ማጥፋት አይደለም። በሃሳብ መሄድዎን ሲያውቁ፣ ራስዎን ሳይሳደቡ ወደ 1 ይመለሱ። መቶ ጊዜ ቢሄዱ መቶ ጊዜ ይመለሱ። ከ1,500 ዓመታት ገደማ በፊት ስሪላንካ የተጻፈ የቡድሂስት መነኮሳት መመሪያ አእምሮን ያልተገራ ጥጃ ይለዋል፦ ግንድ ላይ ሲታሰር ወዲያ ወዲህ ይፈራገጣል፣ ማምለጥ ሲያቅተው እዚያው ግንዱ ሥር ይተኛል። ወይፈን ገርቶ ለሚያርስ የጎጃም ገበሬ ይሄን ማስረዳት አያስፈልግም።

4. ንዴት ላይ መሞከር። ለእኔ ትልቁ ጥቅም እዚህ ነው። ባሕር ዳር ላይ የባጃጁ ሹፌር «መልስ የለኝም» ሲል ንዴቱ ሰውነትዎ ላይ የት እንዳረፈ ይዩ። ደረት ላይ ነው? መንጋጋ ላይ? ዝም ብለው ካዩት ይግላል፣ ይቆያል፣ ይበርዳል። ቡድሃ «ሁሉም ነገር ተለዋዋጭ ነው» ያለውን በገዛ ሰውነትዎ እያዩት ነው ማለት ነው። ከዚያ መልስዎን ይጠይቁ፤ ሜዲቴሽን ገንዘብ መተው አይደለም።

5. ቡና ላይ። አቦሉን ያለ ስልክ ይጠጡ። ሽታው፣ ሙቀቱ፣ ምሬቱ። ቶናው ላይ ወሬ ይቀጥላል።

6. በጎ መመኘት። ትንፋሹ ሲለመድ ይጨምሩት። መጀመሪያ ለራስዎ፣ ከዚያ ለሚወዱት፣ ከዚያ ለማያውቁት ሰው «ሰላም ይሁን፣ ከጭንቀት ይገላገል» ይበሉ በልብዎ። መጨረሻ ላይ የተቀየሙት ሰው ይመጣል። በቀላል ቅያሜ ይጀምሩ እንጂ፣ በመሬት ወሰን ፍርድ ቤት የሚያመላልስዎትን ሰው መጀመሪያ አይምረጡ።

መቀመጡ ጭንቀትዎን ካባሰው ያቁሙና ሐኪም ያማክሩ።