ስለ ጽንስ ዕድገት ስናወራ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ለገጣፎ ዳርቻ በምኖርበት ግቢ አንዲት ዶሮ ታቅፋለች። መብራት በጠፋበት ምሽት ከጎረቤት ልጆች ጋር አንድ ዕንቁላል ከሥሯ አውጥተን በስልክ ባትሪ አየነው። አምስተኛ ቀኑ ነው፤ ከጥቁር ነጥብ ዙሪያ ቀጫጭን ደም ስሮች እንደ ሸረሪት እግር ተዘርግተዋል። ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና የምትዘጋጀው ልጅ «ጋሼ፣ ክንፍ የሚሆነውን ሴል ክንፍ ሁን ብሎ የሚያዘው ማን ነው?» አለችኝ።

የመጀመሪያው ስህተት እዚያው ጥያቄ ውስጥ አለ፤ አዛዥ አለ ብሎ ማሰብ። የእድር ጡሩምባ ሌሊት ሲነፋ ያው አንድ ድምፅ ነው። የድንኳን ተረኛው ወደ ዕቃ ቤት ይሮጣል፣ እናቶች ለንፍሮ እሳት ያያይዛሉ፣ ሕፃኑ ተገላብጦ ይተኛል። ድምፁ ዝርዝር አልተናገረም፤ ዝርዝሩ ያለው ሰሚው ዘንድ ነው። ሴልም እንዲሁ ነው። ከሌሎች ሴሎች የሚመጣውን ኬሚካላዊ መልእክት የሚይዝ ተቀባይ ፕሮቲን ከሌለው ጨርሶ አይሰማም፤ ቢኖረውም የሚመልሰው በራሱ አቅም ነው።

ይህን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1932 የጽንስ ተመራማሪዎቹ ሃንስ ስፔማንና ኦስካር ሾቴ ያወጡት ሙከራ በደንብ ያሳያል። የሆድ ቆዳ ሊሆን የነበረውን የእንቁራሪት ጽንስ ቁራጭ፣ ኒውት በምትባል ባለጭራ ዘመዷ ጽንስ ላይ አፍ በሚበቅልበት ቦታ ተከሉት። (ኒውት በአገራችን የለችም፤ ልጆቹ እንሽላሊት መስላቸው ነበር።) ቁራጩ የአካባቢውን መልእክት ተቀብሎ የአፍ አካል ሆነ። የሆነው ግን የእንቁራሪት ጨቅላ አፍ ነው፤ እንደ ጥፍር የጠነከረ መንጋጋና መጣበቂያ ያለው። አካባቢው ያለው «እዚህ አፍ ነው» ብቻ ነበር። የኒውት ጥርስ መሥራት ለእንቁራሪት ቆዳ ከቶ አይቻለውም።

ሁለተኛው፣ አንድ መልእክት አንድ ትርጉም አለው ማለት። ሶኒክ ሄጅሆግ የሚባለው ፕሮቲን (ስሙ ከኮምፒውተር ጨዋታ ገጸ ባሕርይ የተወሰደ ነው፣ ሳይንቲስቶችም ይጫወታሉ) በጫጩት ክንፍ እንቡጥ (ክንፍ በሚሆነው ጉብታ) የኋላ ጠርዝ ይመነጭና የትኛው ጣት የት እንደሚበቅል ይወስናል። ያው ፕሮቲን በአከርካሪ ውስጥ የነርቭ ሴሎችን ዓይነት ይለያል። መጠኑና የቆየበት ጊዜም ውጤቱን ይለውጣሉ።

ሁሉም መልእክት ከሩቅ ይመጣል ብሎ መገመትም አያስኬድም። ኖች የተባለው ተቀባይ የሚነቃው ጎረቤት ሴል ሲነካው ነው፤ መልእክቱ ራሱ በጎረቤቱ ገጽ ላይ የተተከለ ነውና።

ሌላው፣ ሴሎች የሚያያዙበትን ነገር ተራ ሙጫ ማለት ነው። ሙጫ ያገኘውን ሁሉ ያጣብቃል። ሴሎችን የሚያያይዘው ካድሄሪን የተባለ ፕሮቲን ግን ካልሲየም እያገዘው በብዛት የሚይዘው የራሱን ዓይነት ነው። በ1955 ታውንስና ሆልትፍሬተር የተባሉ ተመራማሪዎች የእንቁራሪትና የመሰሎቿን ጽንሶች ሴሎች በታትነው ሲያደባልቁ፣ የቆዳዎቹ ወደ ውጭ፣ የነርቮቹ ወደ ውስጥ ራሳቸውን ለዩ።

የመጨረሻውን ልጆቹ ለማመን ከበዳቸው። መልእክት ሁሉ «እደግ» አይልም፤ «ሙት» የሚልም አለ። በጫጩት እግር ጣቶች መካከል ያለው ሥጋ ቢኤምፒ የተባለው መልእክት ሲደርሰው ይሞታል፤ ጣቶቹም ይለያያሉ። ዳክዬ ግን በዚያ ቦታ ግሬምሊን የተባለ ከልካይ ፕሮቲን ስላላት የሚያስዋኛት ሥጋ ሳይሞት ይቀራል። ይህን እያስረዳሁ ዕንቁላሉን ስመልስ፣ ዘገየህብኝ ብላ ነው መሰል፣ ዶሮዋ እጄን በመንቁሯ ወጋችኝ።