«አምፖል ተቃጥሏል» የሚለው ማስጠንቀቂያ አልጠፋ ሲል

የመኪናችሁ ዳሽቦርድ ላይ የሚበራው ማስጠንቀቂያ ዓይን የለውም። የሚያውቀው የሚያልፈውን ከረንት ብቻ ነው። ባለ 21 ዋት የፍሬን አምፖል በ12 ቮልት 1.75 አምፔር ገደማ ይስባል። ከዚያ በጣም ካነሰበት መኪናው «ተቃጥሏል» ይላል፤ አምፖሉ ቦግ ብሎ በርቶም ቢሆን። መጀመሪያ ፊውዙና የአምፖሉ ክር እንዳልተቃጠሉ ማየት እንዳለባችሁ ታውቃላችሁና አልፌዋለሁ።

ማስጠንቀቂያው በርቷል፣ መብራቶቹ ግን ሁሉም ይሠራሉ

ኤልኢዲ አስገብታችኋል? በቃ፣ እሱ ነው። የሚስበው ከረንት ትንሽ ስለሆነ መኪናው ሶኬቱ ባዶ ይመስለዋል። መፍትሄው የድሮውን ባለ ክር አምፖል መመለስ ነው። መኪናውን ለማታለል ሬዚስተር (ተጨማሪ ከረንት የሚስብ ዕቃ) የሚያስሩ አሉ። ባለ 6 ኦሁሙ ሞተር እየሠራ 30 ዋት ያህል ሙቀት ያወጣል። በቴፕ ከስቶፑ (ከኋላ መብራቱ) ጀርባ ተለጥፎ ፕላስቲኩን እንደ ሰም ያቀለጠ አጋጥሞኛል። የግድ ከሆነ ብረት ላይ ይታሰር። በቴፕ በጭራሽ!

ኤልኢዲ ከሌለ የግራና የቀኙን ዋት አንብቡ። አንዳንድ መኪና ሁለቱን እያነጻጸረ ነው የሚፈርደው። ርካሽ አምፖል ላይ የተጻፈውን ዋት ደግሞ ብዙም አትመኑ። ጥንዱን አብራችሁ ቀይሩ።

አንዱ ጎን ይደበዝዛል፣ ወይም ማስጠንቀቂያው መጣ ሄድ ይላል

እጄ ላይ የሚወድቀው አብዛኛው ይሄ ነው። ጥፋቱ የአምፖሉ አይደለም፤ የሶኬቱ ግራውንድ፣ ማለትም ከረንቱ ወደ ባትሪው የሚመለስበት መንገድ ነው።

አንድ ሰው በአንድ ወር ውስጥ አራት አምፖል ቀይሮ መጣ። የወጡትን በላስቲክ ይዟቸዋል፤ አራቱም ደህና ናቸው። ሶኬቱን ነቅዬ ሳየው የግራውንዷ ምላስ (አምፖሉን የምትነካው ቀጭን ብረት) ጠቁራለች፣ ዙሪያዋ ያለው ፕላስቲክ ቡናማ ሆኖ ተኮማትሯል። ሰውየውን የሸወደው ምን መሰላችሁ? አዲስ አምፖል ሲጠመዘዝ ምላሷን ይፍቃታል። ስለዚህ ሁለት ሦስት ቀን ሰላም ይሆናል። ከዚያ እንደገና!

ሌላ ምልክት አለው። በቆዩ መኪኖች ላይ መብራት አጥፍታችሁ ፍሬን ስትረግጡ የዳሽቦርዱ መብራት ጭል ጭል ካለ፣ ከረንቱ መመለሻ አጥቶ በዚያው አምፖል ሌላኛው ክር እየዞረ ነው።

እንዲህ ለኩት። መብራቱን አብሩ። የቴስተሩን ጥቁር ሽቦ ከባትሪው ኔጌቲቭ፣ ቀዩን ከሶኬቱ ግራውንድ ላይ አድርጉ። ከ0.2 ቮልት በላይ ካሳየ መንገዱ ላይ ዝገት ወይም የላላ ነገር አለ። መንገዱ ላይ ግማሽ ኦሁም ተቃውሞ ብቻ 0.8 ቮልት ገደማ ይበላል። ሽቦው መገናኘቱን ስትፈትሹ ቴስተሩ «ጢጥ» አለ ብላችሁ አትዘናጉ፤ ከሽቦው አንዲት ክር ብቻ ብትተርፍም ይጮሃል። ደግሜ ልበል፦ መብራቱ ካልበራ ልኬቱ ዋጋ የለውም።

ከዚያ መብራቱን አጥፉና ምላሷን በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ፍቁ፤ በትንሹ ቀና አድርጓት። ግራውንዱ ቦዲው ላይ የታሰረበትን ብሎን ፍቱ፤ ቀለሙንና ዝገቱን እስከ ብረቱ አንስታችሁ አጥብቁት። ፕላስቲኩ ከቀለጠ ግን አትድከሙ፤ ሶኬቱ ይቀየር። ብልጭልጭ ወረቀት ጠቅልለው የሚወትፉ አሉ። እባካችሁ! ዞሮ ፖዘቲቩን የነካ ቀን ሾርት ነው። የስቶፑ ጎሚኒ ውሃ የሚያስገባ ከሆነም አብሮ ይቀየር፤ አለዚያ ዝገቱ ተመልሶ ይመጣል።

አልፎ አልፎ

ባለ ሁለት ክር አምፖል በጉልበት ተገልብጦ ሊገባ ይችላል። የጎኖቹ ጉጦች እኩል ያልሆኑት ለዚህ ነው፤ በፒንሳ አትታገሉት።

የኋላው በር ሲከፈትና ሲዘጋ ማስጠንቀቂያው ከተቀያየረ፣ ማጠፊያው ጋ ያለውን ሽቦ እዩ። ላስቲኩ ደህና ሆኖ ውስጡ ይበጠሳል።

«ኮምፒውተሩ ነው» የሚላችሁ ካለ፣ መጀመሪያ ግራውንዱን ለክቶ እንደሆነ ጠይቁት።

ጠግናችሁም ማስጠንቀቂያው ወዲያው ካልጠፋ አትደንግጡ። አንዳንድ መኪና ሞተሩ ጠፍቶ ካልተነሣ፣ ፍሬኑም አንዴ ካልተረገጠ አያምንም።