እግር ሲያብጥ፦ ከልብ ነው፣ ከደም ሥር ነው ወይስ ከሚዋጠው ኪኒን?

ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የስፌት ማሽን ላይ የሚውሉ፣ ባጃጅ የሚነዱ፣ ሱቅ ውስጥ ቆመው የሚሸጡ ሰዎች አንድ የጋራ ቅሬታ አላቸው፦ ማታ ጫማ ሲወልቅ የካልሲው ላስቲክ ቁርጭምጭሚት ላይ ቦይ ሠርቶ ይገኛል። አብዛኛውን ጊዜ ልባቸው ጤነኛ ነው። አንዳንዴ ግን አይደለም፤ መለያው ደግሞ በአብዛኛው ቤት ውስጥ ይታያል።

ልብ በእረፍት ጊዜ በደቂቃ 5 ሊትር ያህል ደም ይገፋል። ግፊቱ ደሙን እስከ እግር ጣት ያደርሰዋል፤ ለመልሱ ጉዞ የሚተርፈው ግን ጥቂት ነው። ሽቅብ የሚመልሰው በዋናነት የባት ጡንቻ ነው። ባት ሲኮማተር ጥልቁን ደም መልስ፣ ማለትም ደም ወደ ልብ የሚመልሰውን ሥር ይጨምቀዋል፤ ውስጡ ያሉት ወደ አንድ ወገን ብቻ የሚከፈቱ ቫልቮች ደግሞ የወጣው ደም ተመልሶ እንዳይወርድ ይዘጋሉ። ሳይንቀሳቀስ የቆመ ሰው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ያለው የደም መልስ ግፊት 90 ሚሊሜትር ሜርኩሪ አካባቢ ይደርሳል፤ ሲራመድ ወደ 30 ይወርዳል። ግፊቱ ከፍ ብሎ ሲቆይ ውኃ ከቀጫጭኖቹ ደም ሥሮች ወደ ሥጋው ይሾልካል። እብጠቱ ይኸው ነው።

መጀመሪያ ይህን ያድርጉ። ከቁርጭምጭሚት አራት ጣት ከፍ ብለው ቅልጥሙን በአውራ ጣት 10 ሰከንድ ይጫኑ። ጣትዎን ሲያነሱ ስርጉዱ እንዳለ ከቆየ የተጠራቀመው ውኃ ነው። ካልሰረጎደ፣ ቆዳው ከወፈረና ከሻከረ፣ እብጠቱም ከጣቶች ከጀመረ ዝሆኔ ይሆናል፤ በተለይ ደጋ ላይ በቀይ አፈር በባዶ እግሩ ሲሄድ በኖረ ሰው። ያ የሊምፍ፣ ማለትም ከሥጋ ውስጥ ፈሳሽ የሚሰበስበው መስመር ችግር ነው፤ መንገዱም ሌላ ነው፦ በየቀኑ በሳሙና ማጠብ፣ ቅባት፣ ጫማ።

ሁለቱም እግር ማታ ያብጣል፣ ጠዋት ይጠፋል

ባት ሥራ ፈትቶ ውሏል። ሙቀትም ደም ሥርን ስለሚያሰፋ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ይብሳል። በየግማሽ ሰዓቱ ተረከዝን እያነሱ 15 ጊዜ መመለስ ነው፤ ማሽን ላይ እንደተቀመጡም ይሠራል። ማታ 20 ደቂቃ በጀርባ ተኝቶ እግርን ግድግዳ ላይ መስቀል፤ በርጩማ ላይ ማስቀመጥ አይበቃም፣ እግር ከልብ ከፍ ማለት አለበት። እግርን በጨው ውኃ መዘፍዘፍ ድካም ያሳርፍ ይሆናል እንጂ ቫልቭ አይጠግንም። ፍቅር ሐይቅ ዳር ግማሽ ሰዓት መራመድ ይሻላል።

የተጠማዘዘ ሰማያዊ ሥር ጎልቶ ከታየ፣ ከቁርጭምጭሚት በላይ በውስጥ በኩል ያለው ቆዳም ከጠቆረ ቫልቮቹ መዝጋት አቅቷቸዋል። አጥባቂ ካልሲ ይረዳል፤ የሚደረገው ግን ጠዋት ከአልጋ ሳይወርዱ ነው፣ ካበጠ በኋላ ማጥለቅ ከንቱ ልፋት ነው። ስኳር ያለበት፣ እግሩ የሚቀዘቅዝ ወይም ሲራመድ ባቱን የሚቆርጠው ሰው ደም ቅዳው፣ ማለትም ደም ከልብ የሚያመጣው ሥር ጠቦ ሊሆን ስለሚችል ሳይመረመር አያጥልቅ።

የግፊት ኪኒን ከተጀመረ ወዲህ አበጠ

አምሎዲፒን ወይም ኒፌዲፒን ከሆነ እሱን ይጠርጥሩ። መድኃኒቱ ደም ቅዳን ይከፍታል፤ ደም መልሱን ግን በዚያው ልክ አይከፍትም፣ ስለዚህ ግፊቱ ቀጫጭኖቹ ላይ ያርፋል። ትርፍ ውኃ ተጠራቅሞ ስላልሆነ ሽንት የሚያሸና ኪኒን ብዙ አይፈይድም። ትልቁ ስህተት በራስ ማቆም ነው፤ ደም ግፊት ተመልሶ ሲወጣ አያሳምምምና አይታወቅም። የኪኒኑን እሽግ ይዘው ወደ ሐኪሙ ይመለሱ፤ ብዙ ጊዜ አምሎዲፒኑን ከ10 ወደ 5 ሚሊግራም ማውረድ ወይም ኢናላፕሪል የተባለ ሌላ የግፊት ኪኒን መጨመር ይፈታዋል። ለወገብ ሕመም የሚወሰዱት ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም ኩላሊት ጨው እንዲይዝ ያደርጋሉ፤ ይህን ለሐኪሙ የሚናገር ጥቂት ነው።

እብጠቱ ጠዋትም አለ፣ ትንፋሽም ያጥራል

እዚህ ላይ ልብ ይጠረጠራል። ለመተኛት ሁለት ሦስት ትራስ መደራረብ፣ ሌሊት በትንፋሽ እጥረት ተነስቶ መቀመጥ፣ ዳገት ሳይኖር መድከም ምልክቶቹ ናቸው። ፓምፑ ሲደክም ደም ከኋላው ይቆማል፤ በግራ በኩል የቆመው ሳንባን፣ በቀኝ የቆመው እግርንና ጉበትን ይሞላል። ኩላሊት ደግሞ የሚደርሰው ደም ሲያንሰው ውኃ ያነሰ መስሎት ጨውና ውኃ ያጠራቅማል።

ወጣት ላይ ይህ ሲታይ በልጅነት በቶንሲል ሕመም ሰበብ የተጎዳ የልብ ቫልቭ ይታሰባል። ባክቴሪያ ያመጣው የቶንሲል ሕመም በወቅቱ በፔኒሲሊን ካልታከመ የሰውነት መከላከያ ቫልቩን ሊያጠቃ ይችላል፤ ኢኮ የተባለው የልብ አልትራሳውንድ ይለየዋል። በሽታው ካለ በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ የሚወጋው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ተጨማሪ ጉዳትን ለመከላከል ነው፤ «ተሽሎኛል» ተብሎ አይዘለልም።

የልብ ድካም ያለበት ሰው ጠዋት ሽንት ከሸና በኋላ፣ ቁርስ ሳይበላ በየቀኑ ይመዘን። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ነው፤ በ3 ቀን 2 ኪሎ ከጨመረ እብጠቱ ሳይታይ ወደ ሐኪም ይሂድ። መንገድ ዳር ያለው ሚዛን ለዚህ አይሆንም፦ ነገ ሌላ ሚዛን፣ ሌላ ጫማ ነው። ጨው በቀን ከአንድ የሻይ ማንኪያ፣ ማለትም ከ5 ግራም በታች፤ ለልብ ሕመምተኛ ሐኪሙ ሊቀንሰው ይችላል። በርበሬና ሽሮ ሲዘጋጅ ጨው ከገባበት ወጡ ላይ ሳይጨመርም ተቆጥሯል።

ፊት ጠዋት ካበጠና ሽንት አረፋ ከበዛበት ኩላሊት ይመርመር። ነፍሰ ጡር ላይ ከራስ ምታትና ከዓይን መደብዘዝ ጋር ከመጣ በዚያው ዕለት ግፊቷ ይለካ።

አንድ እግር ብቻ

ይህኛው አይጠበቅም። የልብስ ሰፊ ሜትር ይውሰዱ፤ ከጉልበት በታች ባለው የአጥንት ጉብታ ሥር 10 ሴንቲሜትር ወርደው የሁለቱንም ባት ዙሪያ ይለኩ። ልዩነቱ ከ3 ሴንቲሜትር ከበለጠ፣ በተለይ ባቱ ከሞቀና ሲነካ ካመመ፣ ጥልቁ ደም መልስ ውስጥ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ ቢያንስም ጥርጣሬው አይሰረዝም። ከረጅም የመኪና ጉዞ፣ ከቀዶ ሕክምና፣ ከአልጋ ቁራኛነት ወይም ከወሊድ በኋላ ባሉት 6 ሳምንታት ከሆነ ጥርጣሬው ይበረታል። ወጌሻ ጋ ሄዶ መታሸት ፈጽሞ አይሆንም፤ ጓሉ ተነቅሎ ሳንባ ሊገባ ይችላል። በዚያው ቀን የደም ፍሰትን በሚያሳየው ዶፕለር አልትራሳውንድ ይታይ፤ ሕክምናው ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ነው። ድንገት ትንፋሽ ካጠረ፣ ደረት ከወጋ ወይም ደም ያለው አክታ ከመጣ ዶፕለር ፍለጋ አይዞርም፤ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነው።