በጠረጴዛ ላይ የጦርነት ጨዋታ ወዳጅን የሚያስቀይሙ ስህተቶች

በትንንሽ ወታደሮች የሚካሄደው የጠረጴዛ ላይ የጦርነት ጨዋታ አብዛኛውን ጊዜ ዳኛ የለውም። ሜትር የሚዘረጋውም፣ ዳይስ የሚቆጥረውም፣ ሕጉን የሚያነበውም ተጫዋቹ ራሱ ነው። ሁለት ሰዎች ባላጋራም ዳኛም ሆነው ሦስት ሰዓት ያህል ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። ሆን ብሎ የሚያጭበረብር ጥቂት ነው፤ ብዙውን ቅያሜ የሚያመጣው በጊዜው ያልተነገረ ነገር ነው።

ሳይነጋገሩ መደርደር

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ወታደሮቹ ከሳጥን ሳይወጡ የጦሩን መጠን፣ የዙሩን ብዛትና ጨዋታው የሚያበቃበትን ሰዓት ይወስኑ። ቀጥሎ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ኮረብታ፣ ቤትና ዛፍ አንድ በአንድ እየጠቆሙ የቱ እይታ እንደሚከልል፣ የቱ ጉዞ እንደሚያዘገይ ይስማሙ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ይህ ከተዘለለ ግን ክርክሩ የሚነሳው ተኩስ ሊከፈት ሲል ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሁለቱም የሚናገሩት ለራሳቸው የሚጠቅመውን ነው።

በወታደር ምትክ ቆርኪ መጠቀም ነውር አይደለም። ወርዱ ወደ 3 ሴንቲሜትር ስለሆነ ትንንሾቹ ወታደሮች ከሚጣበቁባቸው ብዙዎቹ ክብ መቆሚያዎች ጋር ይቀራረባል። ስህተቱ የቢራውንና የለስላሳውን ቆርኪ ቀላቅሎ፣ በሦስተኛው ዙር ላይ «ይሄ መድፈኛ ነው» ማለት ነው። አንድ ዓይነት ቆርኪ ለአንድ ጓድ ይመደብ፤ ላዩ ላይም በማርከር ምልክት ይደረግበት።

ታሪካዊ ውጊያ ላይ ወገን መጫን

ጎንደር ውስጥ ሲጫወቱ የጣሊያን ጦር ተከቦ የተከላከለበትን የተራራ መተላለፊያ፣ ቁልቋል በርን፣ መምረጥ ያጓጓል። አርበኞችና የእንግሊዝ ጦር ቦታውን የያዙት ኅዳር 12 ቀን 1934 ዓ.ም ነው፤ ከስድስት ቀን በኋላም የጣሊያኑ ጄኔራል ናሲ ጎንደር ላይ እጁን ሰጠ። ነገር ግን ከጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠው ሰው የአርበኛ የልጅ ልጅ ሊሆን ይችላል። እንግዳን «አንተ ጣሊያን ሁን» ብሎ ማዘዝ ጨዋነት የለውም። በጣሊያን ስር የተዋጉት፣ አስካሪ የሚባሉት ወታደሮችም የዚሁ አካባቢና የኤርትራ ሰዎች ስለነበሩ፣ በሞቱት ላይ መሳለቅ በየትኛውም ወገን ቢሆን መቅረት አለበት።

መፍትሔው ውጊያውን ሁለት ጊዜ መጫወት ነው፤ በሁለተኛው ላይ ወገን ይቀያየራሉ። ተከላካዩ የተከበበና አነስተኛ ጦር ያለው ስለሆነ፣ «አጥቅቶ ያሸንፍ» ከተባለ ጨዋታው ገና ከመነሻው አለቀ። በሩን ስንት ዙር እንደያዘ ይቆጠር፤ ብዙ ዙር የያዘው ያሸንፋል። ጣሊያንን የያዘውም በሙሉ ልቡ ይከላከል፤ ሆን ብሎ መሸነፍ የአርበኞቹን ድል ያረክሳል።

ከፊት ለክቶ ከኋላ ማቆም

የተለመደው ስህተት ይህ ነው። ሜትሩ ከመቆሚያው የፊት ጠርዝ ይነሳል፤ ወታደሩ ግን የኋላ ጠርዙ 6 ኢንች ላይ እንዲያርፍ ይደረጋል። መቆሚያው 32 ሚሊሜትር ከሆነ፣ 6 ኢንች ማለትም 15.24 ሴንቲሜትር ሊሄድ የሚገባው ወታደር 18.4 ሄደ ማለት ነው፤ ከአንድ አምስተኛ በላይ ትርፍ። ከፊት ጠርዝ የተነሳ ልኬት ፊት ጠርዝ ላይ ይለቅ። ያረጀ የልብስ ሰፊ ሜትር ስለሚለጠጥ፣ የአናጢ ሜትር ይሻላል። አንድ ሜትር ብቻ ጠረጴዛው ላይ ቢኖርና ሁለቱም በእሱ ቢለኩ ደግሞ ክርክሩ ከሥሩ ይደርቃል።

ዳይስን ቶሎ ማንሳት

20 ዳይስ ጥለው ወዲያው ካፈሷቸው፣ ባላጋራዎ ያየው ነገር የለም። ከመጣልዎ በፊት «በ4ና ከዚያ በላይ ይመታል» ይበሉ። ከዚያ የሳቱትን ብቻ ያንሱ፤ የመቱት ባሉበት ይቆዩ፣ አብረው ይቆጠሩ። ጠርዝ ላይ የተንጋደደና መሬት የወደቀ ሁልጊዜ እንደገና ይጣላል። 6 ሲሆን «ይቆጠር»፣ 1 ሲሆን «ይደገም» ማለት ግን መተማመንን ያፈርሳል።

ወጥመድ በመደበቅ ማሸነፍ

ከሁሉም በላይ አጥብቀን የምንናገረው ስለዚህ ነው። ባላጋራዎ ጓዱን 8 ኢንች ላይ አቁሞ ተራውን ከጨረሰ በኋላ፣ «የእኔ ፈረሰኛ እስከ 9 ኢንች ድረስ ባንተ ተራም ይወጋል» ቢሉት ሕጉ ይፈቅድልዎት ይሆናል። ያሸነፉት ግን ባለማወቁ ነው። ድብቅ አቀማመጥን ራሱ ሕጉ ካልፈቀደ በቀር፣ ጦርዎ ምን ማድረግ እንደሚችል ከጨዋታው በፊት ይናገሩ፤ ወደ ወጥመዱ ሲገባ ሲያዩም «9 ኢንች ውስጥ ነህ፣ ልብ በል» ይበሉት።

ሐሳብንም ጮክ ብሎ መናገር ይጠቅማል። «እዚህ ያቆምኩት ከቤቱ ኋላ እንዳይታይ ብዬ ነው፤ ይታያል?» ብለው ይጠይቁ። እሱም ጎንበስ ብሎ አይቶ «አይታይም» ካለ አለቀ፤ በኋላ እጅ ነክቶት ጥቂት ሚሊሜትር ቢንሸራተት እንኳ የተስማሙበት ይጸናል። የረሳውን ድርጊት እንዲመልስ ሲለምንዎት መለኪያው ቀላል ነው፦ ከዚያ ወዲህ ዳይስ ካልተጣለ ይፍቀዱለት፣ ከተጣለ ይለፍ።

ሕግ ሲያከራክር ሁለት ደቂቃ ይፈልጉ። ካልተገኘ አንድ ዳይስ ይጣል፤ 1–3 ለአንዱ፣ 4–6 ለሌላው። መጽሐፉ ከጨዋታው በኋላ ይነበባል። ካፌ ውስጥ ከሆኑ የከበበውን ተመልካች ፍረዱን አይበሉ፤ ተመልካችም ሳይጠየቅ ምክር አይወርውር።

የሰው ወታደር መንካት

ሳይፈቀድ አይነካም። ከተፈቀደም መቆሚያውን እንጂ ጦሩን ወይም ጭንቅላቱን ይዞ ማንሳት አይገባም፤ ቀጭኑ ፕላስቲክ ይሰበራል፣ ቫርኒሽ ያልተቀባ ቀለም ይፋቃል። ወጥ የነካ እጅ በሳሙና ይታጠብ። የቡናው ረከቦት ከጨዋታው ጠረጴዛ ይራቅ።

ጊዜ መብላት

ከጨዋታው 3 ሰዓት ውስጥ ለድርደራ 30 ደቂቃ ከሄደ፣ ለ6 ዙር የሚቀረው 150 ደቂቃ ነው፤ ለአንድ ሰው በአንድ ተራ 12 ደቂቃ ተኩል። በባላጋራ ተራ ስልክ ከመነካካት የራስን ቀጣይ እርምጃ ማሰብ ይበጃል። መብራት ከሄደ ደግሞ ማንም ምንም ሳይነካ ጠረጴዛው በስልክ መብራት ፎቶ ይነሳ፣ የማን ተራ እንደነበረና የቆሰሉት ብዛት ይጻፍ።

በሽንፈት መነጫነጭ

«ዳይሱ ጠላኝ» እያሉ ሦስት ሰዓት መነጫነጭ የሌላውን ድል መንጠቅ ነው። በሁለተኛው ዙር ጥሎ መነሳትም ያስቀይማል፤ ተስፋ ከሌለው «እንቀጥል ወይስ እንደገና እንደርድር?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ያሸነፈ ደግሞ የባላጋራውን አንድ ጥሩ እርምጃ ጠቅሶ እጅ ይንሳ፣ ኮረብታውንና ቤቶቹን አብሮ ያንሳ። ሁለቱም ሳጥን ከመዝጋታቸው በፊት ወታደሮቻቸውን ይቁጠሩ፤ የጎደለው ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከጠረጴዛው ስር ነው።