ዳይኪሪ በኛ ሎሚ

ኮምቦልቻ ውስጥ የሆቴል ባር ነው የምሠራው። ከኮክቴል ሁሉ ዳይኪሪን የሚያህልብኝ የለም። ነጭ ሩም፣ ሎሚና ስኳር፤ አለቀ። ሦስት ነገር ብቻ ስለሆነ መደበቂያ የለውም። ሎሚው ትናንት የተጨመቀ ከሆነ በመጀመሪያው ጉንጭ ይታወቃል።

ስሙ የመንደር ስም ነው። ዳይኪሪ ኩባ ውስጥ፣ ሳንቲያጎ አጠገብ ያለች የባሕር ዳርቻ መንደር ናት። እ.ኤ.አ. በ1898 አካባቢ እዚያ የብረት ማዕድን ላይ ይሠራ የነበረ ጄኒንግስ ኮክስ የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ መጠጡን እንደጀመረው በብዛት ይነገራል። እኔ ሙሉውን ክብር ለሱ አልሰጥም። የእንግሊዙ አድሚራል ኤድዋርድ ቬርኖን ገና እ.ኤ.አ. በ1740 የመርከበኞቹ ሩም በውሃ ተበርዞ እንዲታደል አዝዞ ነበር። የሚፈልግ ሎሚና ስኳር ይጨምርበት ነበር። ሩም፣ ሎሚና ስኳር የተገናኙት ኮክስ ሳይወለድ ነው ማለት ነው።

ኩባ ደግሞ ለኛ እንግዳ አገር አይደለችም። በ1970 ዓ.ም. ወታደሮቿ ኦጋዴን ላይ ከኛ ጋር ተሰልፈዋል። ሎሚዋም የኛው ዓይነት ነው፦ ትንሽ፣ ልጣጩ ስስ፣ ፍሬ የበዛበት፣ ሽታው ከሩቅ የሚጠራ። ሱፐርማርኬት የሚሸጠውን ትልልቁን አትግዙ። እኔ ከመርሳ በኩል የሚመጣውን ነው የምይዘው። ስትመርጡ ቢጫ መምታት የጀመረውንና በእጅ ሲይዙት ከበድ የሚለውን ውሰዱ።

አሁን ወደ ሥራው። መጀመሪያ የስኳር ውሃ አዘጋጁ። አንድ ሲኒ ስኳር በአንድ ሲኒ ሙቅ ውሃ አሟሙና አቀዝቅዙ። ስኳሩን ደረቁን ከጨመራችሁት ብርጭቆው ሥር ይቀራል። ሎሚውን ጠረጴዛ ላይ በመዳፋችሁ ተጭናችሁ አንከባሉት፤ ከዚያ ሁለት ቦታ ቁረጡና ጭመቁ። ልጣጩ እስኪገለበጥ አትጭመቁ፣ ይመራል።

ሼከር ውስጥ 60 ሚሊ ሊትር ነጭ ሩም፣ 25 የሎሚ ጭማቂ፣ 20 የስኳር ውሃ አድርጉ። ሼከር ከሌለ ክዳኑ አጥብቆ የሚዘጋ የጃም ጠርሙስ ይሠራል። በረዶው ጠንካራና ደረቅ ይሁን፤ በተለይ ኮምቦልቻ ሙቀት ላይ፣ ላብ ያላበው በረዶ መጠጡን ውሃ ያደርገዋል። ልክ ከፍሪዘር እንደወጣ ሙሉና ከ12 እስከ 15 ሰከንድ በኃይል ነቅንቁት። ሼከሩ ውጭው ጤዛ ሲይዝና እጃችሁን ሲያቃጥላችሁ ደርሷል። በሻይ ማጥለያ እየጠለላችሁ በቀዘቀዘ ብርጭቆ ቅዱ። በረዶ አይገባበትም። ሎሚ ከሎሚ ስለሚለያይ በማንኪያ ቅመሱት፤ ከኮመጠጠ የስኳር ውሃ ጠብ አድርጉ።

ከዚህ በላይ የምጨነቅበት ግን ሌላ ነው። ወሎ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ ላይ የሚጠጣና የማይጠጣ ጎን ለጎን ይቀመጣል። ወንድማማች፣ ጓደኛ፣ ሙሽራና ሚዜ። ለአንዱ በሥርዓት የተሠራ ኮክቴል ሰጥቶ ለሌላው ለስላሳ ከፍቶ ማስቀመጥ ለኔ እንግዳ መለየት ነው። ስለዚህ ያልኮል የሌለውን ሁሌም በፊት እሠራለሁ፤ በብርዝ ነው የምሠራው።

አንድ ሲኒ የላስታ ማር በሦስት ሲኒ ለብ ያለ ውሃ በጥብጡና ሰፈፉን አጥልሉ። 90 ሚሊ ሊትር ብርዝ፣ 25 የሎሚ ጭማቂ፣ ቡና ላይ እንደምናደርገው አንዲት የጤና አዳም ቅጠል፤ ከዚያ ያው በረዶና ያው ንቅነቃ። ማሩ ራሱ ጣፋጭ ስለሆነ ስኳር አይጨመርም። እንግዳዋ ነፍሰ ጡር ከሆነች ጤና አዳሙ ይቅር።

ሁለት ነገር አደራ። ብርዙ የዕለቱ ይሁን፤ ካደረ መፍላት ይጀምራል፣ ከፈላ ደግሞ ወደ ጠጅ እየሄደ ነውና ለማይጠጣ ሰው አይሰጥም። ሼከሩን፣ ማጥለያውንና መለኪያውንም ለዩ። ሩም የነካው ዕቃ ታጥቧል ብላችሁ አትቅዱበት። እኔ ባንኮኒው ላይ ለብርዙ የተለየ ዕቃ አለኝ፤ ለጠየቀኝ ሁሉ አውጥቼ አሳየዋለሁ።

ለድግስ ከሆነ ሎሚው በዕለቱ፣ እንግዳ ከመግባቱ ትንሽ ቀደም ብሎ ይጨመቅ። ለአሥር ሰው ሩብ ሊትር ጭማቂ ይበቃል። ከትንንሾቹ ሎሚዎች 20 ያህል ያዙ፤ ደርቀው የሚወጡ ስለማይጠፉ ጥቂት ብትጨምሩበት አይከፋም።